ራስጌ የሌለው ጠረጴዛ

ጥቅምት 12 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካሉበት ይድረስዎት። ወገብዎ እንዴት ነው? የሠራሁልዎት ጥርስስ? ሲበሉ ያደርጉታል ወይስ አሁንም ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ ይስቅብዎታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው መንጋጋ ስቀርጽ እውልና ክፍሌ ስገባ የራሴን አፍ መክፈት ይደክመኛል።

ወሬ አለኝ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ላገባ ነው። ሰውየው መነጽር ሠሪ ነው፤ ከምሠራበት ክፍል ፊት ለፊት ሱቅ አለው። መጀመሪያ የተያየነው በመስኮት ነው፤ እኔ ጥርስ ስሞርድ፣ እሱ መስተዋት ሲሞርድ። ዝምተኛ ነው። እርስዎ ቢያዩት ይወዱታል ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ አይጠሉትም።

ፊርማው እዚሁ ባለንበት አገር ይሆናል። ድግስ የለም፣ ድንኳን የለም። በጥር መጨረሻ ግን ከእሱና ከእናቱ ጋር ለአንድ ሳምንት እንመጣለን። በዚያ ሳምንት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ምሳ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ሰርጌ ማለት ለእኔ እሱ ነው።

እና ልመና አለኝ። ጥሩ የቻይና ምግብ ቤት ይምረጡልኝ። የፔኪንግ ዳክዬ የሚሠራ፣ የባሕር ምግቡም የሚታመን። አንዱ ጥሩ ሆኖ ሌላው የሚያሳፍር እንዳይሆን። ከተማችን ውስጥ ሦስት እንደተከፈቱ ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ብጠይቅ "ሁሉም ያው ነው" ብሎ ይገላግለኛል፤ የእርስዎ ዓይን ግን ጠማማ ነገር አያልፈውም። ስድስት ሰው ነን።

ዕድሜና ጤና ከደጃፍዎ አይራቁ።

ድንቢጥ


ኅዳር 3 ቀን

ለድንቢጥ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለመነጽር ሠሪውም ይሁን፣ ገና ባላየውም። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ከበር የሚገባ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጥ ይላል። ያ ቡናማ ሹራቤ ከእጄ ከወጣ ወዲህ እንደዚህ ነው። ጥርሱ ጥሩ ሥራ ነው። አላደርገውም።

አንቺ ጥርስ፣ እሱ ዓይን። ከዘመዶቹ ውስጥ ጆሮ የሚሠራ ካለ ለእኔ ጨምሩልኝ። ፈጣሪ ቤታችሁን ያቁመው፤ የቆመ ቤት የሚታወቀው ደግሞ መሠረቱ ሲታይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቻይና ቤት ምን አስኬደን? እኔ ቤት ጠረጴዛ አለ። አባቴ የሠራው ነው፤ እግሩን እኔ ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ። ስምንት ሰው ያለ ግፊያ ይይዛል። ዳክዬ ካማረሽ ዳክዬ ይገዛል። ደግሞ ስድስት ያልሽው እነማን ናቸው? እኔ፣ አንቺ፣ መነጽር ሠሪው፣ እናቱ። አናጢ ነኝ፤ አራት እግር ቆጥሬ ስድስት ብዬ አላውቅም።

የሆነ ሆኖ ሄጄ አየሁ። እንቢ የሚባለውም ታይቶ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ደጁ ላይ ቀይ ፋኖስ የደረደረውን ነው። ውስጡ ቁም ሳጥን ነው፤ ሰው የሚበላውን እንዳያይ አስበው ያጨለሙት ይመስላል። አስተናጋጁ መጣ።

"አባባ፣ ስንት ሰው ናችሁ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ለአንድ ሰው ሙሉ ዳክዬ ይበዛል።"

"ልበላ አይደለም፣ ላይ ነው።"

"ዳክዬውን?"

"መጀመሪያ ጠረጴዛውን።"

ዞር ብሎ ጓደኛውን አየው። ይተያዩ። ጨርቁን ገልጬ አየሁት፤ ቺፕቦርድ ነው፣ ዳሩ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርሾ ተነፍቷል። ውሃ ልኬን ከኪሴ አውጥቼ ባስቀምጥበት አረፋዋ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ይሄም ይሁን። ነገር ግን ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ የመስተዋት መንኮራኩር ተቀምጧል።

"ይሄ ምን ይሠራል?"

"ምግቡ ይዞራል አባባ።"

"ምግቡ ለምን ይዞራል? ሰዉ እጅ የለውም?"

"ለሁሉም እንዲደርስ ነው።"

"ራስጌው የት ነው?"

"ምን?"

"ራስጌው! ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት።"

"ክብ ነው እኮ አባባ" አለኝ፣ መንገድ የጠፋበትን ሰው እንደሚያባብል።

እኔ በዕድሜዬ ክብ ጠረጴዛ ሠርቼ አላውቅም። ያዘዘኝ ነበር፤ መለስኩት። ራስጌና ግርጌው የማይለይ ጠረጴዛ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ይከበባል እንጂ። ዳክዬውን ደግሞ ሩቡን አዝዤ ቀመስኩት። ከበረዶ ወጥቶ ዘይት ውስጥ የገባ ነገር ነው፤ ቆዳው ዝናብ እንደመታው ካርቶን። ይህ ቤት አይሆንም።

የእኔን ቤት አስቢበት። ስድስቱንም በስማቸው ጻፊልኝ። መንገድሽ የተቃና ይሁን።

አጎትሽ


ኅዳር 22 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

የወገብዎን ነገር ፈጣሪ በቸርነቱ ይየው። ለጤናዎ ሌት ተቀን እጸልያለሁ፤ ለእኔ ትዕግሥት ደግሞ እርስዎ ይጸልዩልኝ።

ጋሼ፣ ስለ ዳክዬ ጠየቅሁ፣ ስለ ቺፕቦርድ ጻፉልኝ! ለመነጽር ሠሪው ሳነብለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እናቱ ግን አልሳቀችም፤ "እውነታቸውን ነው፣ የተነፋ እንጨት ንጽሕና የለውም" አለች። ደጋፊ አግኝተዋል።

ዳክዬው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሲያዩ እንዲያውቁት ነው የምነግርዎት። ቆዳውን በአየር ነፍተው ከሥጋው ያላቅቁታል። የፈላ ውሃ ያፈሱበትና የብቅል ስኳር ይቀቡታል። ከዚያ እንደተሰቀለ ይደርቃል፤ ጥድፊያ አይወድም፣ ለዚህ ነው አንድ ቀን ቀድሞ የሚታዘዘው። ተጠብሶ ሲመጣ ጠረጴዛው አጠገብ ይቆርጡታል። ቆዳው በጥርስ ሲነካ መሰበር አለበት። በስስ ቂጣ፣ በኪያርና በአረንጓዴ ሽንኩርት፣ ጥቁር ጣፋጭ ስጎ እየተቀባ ይጠቀለላል። ቤት ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ቤትዎ አይሆንም።

የባሕር ምግቡን ደግሞ አደራ። በሕይወት ያለ ሸርጣን፣ ዛሬ የገባ ዓሣ። ዳክዬ የማይበላ ሰው ስላለ እሱም በደንብ እንዲበላ ነው።

ሌሎቹን ሁለት ቤቶች ይዩልኝ፤ እባክዎ በዚህ ጊዜ ከእግር እስከ ራሱ ምግቡን ይዩ። የስድስቱን ነገር ጠይቀውኛል። ስድስት ነን።

እጅዎን እስማለሁ።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለድንቢጥ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለመነጽር ሠሪውም፤ ለእናቱ በተለይ። እንጨት የሚገባው ሰው ከቤተሰቡ መኖሩ ደስ ይላል። እኔ ደህና ነኝ።

ጥያቄ ጠይቄሽ ዳክዬ እንዴት እንደሚነፋ መለስሽልኝ። ይሁን።

ሁለተኛውን አየሁት፤ ከጫማ ቤቱ በላይ ፎቅ ላይ ያለውን። ደረጃው ጠባብ ነው፣ መደገፊያው ግን አይነቃነቅም። የሠራው ሰው ልቡን ሰጥቶ ነው የሠራው። ወጥ ሠሪው ራሱ ወጣና፣ "የት ነው የሚሄዱት?" አለኝ።

"ወደ ዳክዬዎቹ።"

"ወጥ ቤት ደንበኛ አይገባም።"

"እኔ ደንበኛ አይደለሁም። ገና እየመረጥኩ ነው።"

ሳቀና አስገባኝ። ዳክዬዎቹ በአንገታቸው ተሰቅለው ቬንትሌተር ይነፋባቸዋል። ቫርኒሽ የተቀባ ወንበር የሚደርቀው እንደዚሁ ነው። እጄን ልሰድ ስል፣ "አይንኩ፣ ገና አልደረቀም!" ብሎ ጮኸብኝ። ያን ጊዜ ይህ ሰው ሥራ ያውቃል አልኩ። እኔም እንደሱ ነው የምጮኸው።

አዝዤ በላሁ። ቆዳው ይሰበራል። እንደሚሰበር እንዴት አወቁ ካልሽኝ፣ ጥርሱን አድርጌ ነበር። ነገሩን አታራዝሚው።

ጠረጴዛው ደግሞ ረጅም ነው! ሁለቱን አጋጥመው ነው እንጂ አንድ ሳንቃ አይደለም፤ ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፣ ራስጌ አለው፣ ግርጌ አለው፣ ሰው ቦታውን ያውቃል። የባሕር ምግባቸው ግን የበረዶ ድንጋይ ነው። ሽሪምፑን ሲያወጡት እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ሸርጣን የላቸውም። እኔ የምለው፣ የባሕሩ ይቅር። ዳክዬ አለ፣ ራስጌ አለ፣ ሌላ ምን ቀረ?

ዳክዬ የማይበላው ሰው ቀረ ትይኛለሽ። እንግዲያው ስሚኝ ድንቢጥ። እኔ ጆሮዬ እንጂ የደነዘዘው ልቤ አይደለም። ላባ ያለው ነገር የማይበላ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ አውቃለሁ። በአውቶቡስ ጣሪያ ዶሮ በቅርጫት ሲጭን ኖሮ ሽታው አልወጣ ያለው ነው። እሱ አባትሽ ነው። አባትሽ ካለ እናትሽም አለች። ይኸው ስድስት ሞላ፤ አንቺ ሳትነግሪኝ።

ነገሩን ከእነሱ ሰምተሽ ይሆናል፤ ከእኔም ስሚው። አባቴን፣ የእናትሽንም አባት፣ ቀብረን በተመለስንበት ዕለት፣ ቤቱ በሰው እንደሞላ፣ አባትሽ ገባና የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ራስጌው ላይ። አፈሩ ገና ሳይደርቅ። ተነሥ አልኩት። ተነሣ። እናትሽም አብራው ተነሣች፤ የራሷ መስሏት የእኔን ቡናማ ሹራብ ከመስቀያው አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ላይ አልተገናኘንም። በሰው ፊት አዋረደው ይላሉ። እሱስ የተቀመጠው በሰው ፊት አልነበረም? ዛሬም ቢሆን ተነሥ እለዋለሁ።

ፎቁ ላይ ያለው ይሁን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ቦታውን ይወቅ። ይህን ከተቀበሉ እመጣለሁ።

ደህና ሁኚ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ያነበብኩ ዕለት አንድ ሙሉ የላይ መንጋጋ አበላሽቼ አለቃዬ ወደ ቤት ሰደደኝ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይህኛውን ሳልቀድ ልልክ ነው፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

አዎ፣ እማዬና አባዬ ናቸው። የስድስቱን ስም ያልጻፍኩት ስማቸውን ሲያዩ ደብዳቤውን እንደሚያጥፉት ስለማውቅ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ዳክዬ አልወድም። ቅባቱ ይከብደኛል። ከቻይና ምግብ የምወደው ሩዙን ብቻ ነው። የፈለግሁት ጠረጴዛውን ነው። እዚህ አገር ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቻይና ቤት ስገባ አለቃዬም፣ ወለል የምትጠርገውም፣ ሁላችንም ክብ ሠርተን ስንቀመጥ አየሁና፣ "ይኸው!" አልኩ። "ጋሼና አባዬ ሊቀመጡበት የሚችሉት ጠረጴዛ ይሄ ብቻ ነው" አልኩ። ራስጌ የለውም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም አያስነሣም። ዳክዬውን የጨመርኩት ደግሞ ቀድሞ ስለሚታዘዝ ነው። እርስዎ የታዘዘ ሥራ ጥለው አያውቁም። እና እርስዎ ያንን ጠረጴዛ ተራምደው፣ ከከተማው ሁሉ ረጅም ጠረጴዛ ያለውን አንድ ቻይና ቤት ፈልገው አገኙ! እንዴት ነው ግን የሚያገኙት?

የዚያን ቀኑን እኔም ልንገርዎት፤ እዚያ ነበርኩ። አባዬ ለቀስተኛውን ሲያመላልስ አድሮ ነው የመጣው። ከበር ሲገባ እግሩ ያደረሰው ወንበር ላይ ወደቀ እንጂ አልመረጠም። የማን እንደሆነ ያወቀው እርስዎ "ተነሥ" ሲሉት ነው። ያን ጊዜ አንዲት ቃል አልመለሰም። አሁን ስለ ምሳው በስልክ ስነግረው ምን አለ መሰልዎት? "እኔ ለስንቱ ሰው ወንበር ሰጥቼ ስነዳ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ወንበር ተነፈግሁ። ራስጌ ካለበት ቤት አልገባም" አለ። እርስዎ ደግሞ ራስጌ ከሌለበት አልቀመጥም ይላሉ። እማዬ መሃል ላይ ሆና ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሁለታችሁንም ትረግማለች።

እኔ የሁለት እልኸኞች ማጠፊያ መሆን ሰልችቶኛል። ፎቅ ላይ ያለው አይሆንም። ክብ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሆነን የማንቀመጥ ከሆነ ግን ጉዞውን እተወዋለሁ። እዚሁ እንፈርማለን፤ ከፊርማው በኋላ ከሱቁ ዳቦ ገዝተን እንበላለን። አዝኜ ነው እንጂ አስፈራርቼ አይደለም።

ፈጣሪ ልብዎን ያራራልኝ።

ድንቢጥ


ጥር 10 ቀን

ጋሼ፣

መልስ አልመጣም። ትኬቱን እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ካልመለስኩ ገንዘቡ አይመለስም። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? ይህን ያመጣልዎት መንገደኛ ቶሎ ይመለሳል፤ በእሱ እጅ አንድ ቃል ይበቃኛል።

ድንቢጥ


ጥር 14 ቀን

ለድንቢጥ፣

መጀመሪያ ነገር፣ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጻፍም። የተናደደም ሰው በር ያንኳኳል። ስለዚህ እኔ ላንቺም ልጻፍልሽ፦ ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለመነጽር ሠሪው፣ ሰላም ለእናቱ። ጤና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ይኸው፣ ይህን መጻፍ ክንድ አይሰብርም።

ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኔን ደግሞ አንቺ በዳክዬ ልትጥዪኝ ኖሯል። የማትወጂውን ወፍ ፍለጋ በዚህ ወገቤ ደረጃ አስወጣሽኝ፣ ጥርስ አስደረግሽኝ፣ ወጥ ሠሪ አስጮህሽብኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብዕሬን አንሥቼ "አልመጣም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሦስተኛው ቤት ሳይታይ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ሥራ ተጀምሮ መሃል ላይ አይተውም፤ ሄድኩ።

ገንዳ ያለበት ቤት ነው። እንደገባሽ በስተግራ ትላልቅ የመስተዋት ገንዳዎች አሉ። ዓሦቹ ይዋኛሉ፤ ሸርጣኖቹ መቆንጠጫቸው ታስሮ እርስ በርስ ይወጣጣሉ። አንዱ ግን ለብቻው ትንሽ ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቷ ቻይናዊት ናት፤ ቋንቋችንን ከአንዳንድ አስተናጋጅ አሻሽላ ትናገራለች።

"ይሄ ምን አጥፍቶ ነው?" አልኳት።

"ከማንም ጋር አይስማማም" አለችኝ። "ሌሎቹ ላይ ካልወጣ አይተኛም። አርጅቷልም፤ ማንም አይመርጠውም።"

ዳክዬዬን አዘዝኩ።

ዳክዬዋ የፎቁን ያህላል፤ ምናልባትም ይበልጣል፣ ሥጋውን አላደረቀችውም። ጠረጴዛዋ ክብ ነው። ግን እንጨት ነው ድንቢጥ፣ ሙሉ እንጨት! ከሥሩ ገብቼ አየሁት። ማጋጠሚያው ላይ አንዲት ምስማር የለም። መንኮራኩሩ ብቻ ሲጢጥ እያለ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ሽሪምፑ ከእኔ ፊት ቆሞ ሾርባው ማዶ ቀረ። ስድስት ሰው ተቀምጦ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲጎትት ታየኝ። ቤተሰብን ከዚያ የበለጠ የሚያጣላ ዕቃ አይገኝም።

በማግሥቱ ዕቃዬን ይዤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አዛውንቱ፣ ለምሳ ነው ወይስ ለሥራ?"

"ይህን መንኮራኩር ሳልፈታ አልበላም።"

"ደንበኞች አሉ እኮ!"

"ይብሉ። እኔ ከሥር ነኝ።"

ፈታሁት። የሚያዞረው ኩሽኔታ ውስጥ የደረቀ ስጎና ሩዝ ሞልቷል። ከተከፈተ ጀምሮ ማንም አላየውም። አጠብኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። አሁን በትንሿ ጣት ይዞራል። ሴትዮዋ ራሷ አንዴ አዙራ እንደ ልጅ ሳቀች፤ ከዚያ ቁጭ ይበሉ አለችኝ። እኔም የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ እንደቆምኩ፣ "ይህ ጠረጴዛ ራስጌ የለውም" አልኳት።

"ማን አለ?"

"ክብ ነዋ!"

"ክብ ነው። ግን አለው።"

ስሚ እንግዲህ። ክብ ጠረጴዛ ራስጌ የለውም ብለሽ የጻፍሽልኝ ስህተት ነው። እኔም ተሳስቼ ነበር፤ አንቺ ግን ከእኔ ይልቅ ተሳስተሻል፣ ምክንያቱም የመረጥሽው አንቺ ነሽ። በእነሱ ዘንድ ፊቱን ወደ በሩ ያደረገው ወንበር የትልቅ ሰው ነው። ጀርባውን ለበሩ የሚሰጠው ደግሞ ከተቀመጡት መሃል ሌሎቹን የሚያስተናግደው ነው፤ ሳህን የሚቀበለው፣ የጎደለ የሚጠይቀው።

"ከሚመጡት በዕድሜ ትልቁ ማነው?" አለችኝ።

"እኔ።"

"እንግዲያው ያ የእርስዎ ነው" ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩበት። ጥሩ ወንበር ነው። ከኋላው ግድግዳ ነው፣ ነፋስ የለም። በሩ ይታያል፣ ገንዳው ይታያል፣ መንገዱና መኪናው ሁሉ በመስተዋቱ ይታያል። ከዚያ ወንበር ላይ ሰው ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ሁሉንም ያያል። ብዙ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ሻይ አመጣችልኝና ሄደች።

ስለዚህ ራስጌ አለ። ያለ እኔ ፈቃድ ያለ ራስጌ ልታስቀምጪኝ ነበር፤ አልሆነም።

አሁን የሚሆነውን እነግርሻለሁ፤ አትከራከሪኝ፣ ለአባትሽም እንዲህ አድርገሽ ንገሪው። ሳታሳምሪ።

ስለዚያ ቀን፣ ልክ ነበርኩ። ለቀስተኛ ሲያመላልስ ማደሩን አላውቅም ነበር፤ ባውቅም ተነሥ እለው ነበር፣ ምናልባት ዝቅ ባለ ድምፅ። ወንበሩ የአባቴ ነው። የእኔ ስላልነበረ ለማንም ልሰጠው አልችልም ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተቀመጥኩበትም። የገዛ ቤቴ ውስጥ በጎን ተቀምጬ ነው የምበላው። ይህንን እናትሽ አታውቅም።

ይህኛው ወንበር ግን የእኔ ነው ተብሏል። ባለቤቷ በራሷ አፍ ነው የሰጠችኝ። የእኔ የሆነውን ደግሞ ለፈለግሁት እሰጣለሁ።

አባትሽ ይቀመጥበት።

ሾፌር ነው፤ መንገዱን ካላየ አይመቸውም። ሴትዮዋ እንዳታስነሣው ነግሬያታለሁ፣ አስተናጋጆቹም ያውቃሉ። እኔ ፊት ለፊቱ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ሳህን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፤ መንኮራኩሩንም ማን እንዴት እንደሚያዞረው ማየት አለብኝ፣ ግራሶው አዲስ ነው።

ለአባትሽ ዓሣ በእንፋሎት፣ ዝንጅብል በዝቶበት። ሸርጣን ሁለት፤ ያኛው ሽማግሌ አይነካም፣ ሴትዮዋ ቃል ገብታልኛለች። ለአንቺ ሩዝ። ዳክዬው ለስድስት ሰው ታዟል። እንደምታውቂው የታዘዘ ሥራ ጥዬ አላውቅም፤ ስለዚህ ትኬቱን እንዳትነኪው።

ጥርሱን አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ወንበሬ በሩ አፍ ላይ ነው፤ ነፋሱ በቀጥታ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። ቡናማው ሹራቤ እንደ አባወራ ልብስ እናትሽ ቤት ተሰቅሎ ይሆናል። ለእህቴ ንገሪያትና ይዛልኝ ትምጣ።

አጎትሽ